ስፒከር ከደካማ አምፕሊፋየርም አያመልጥም

«የአምፕሊፋየሩ ዋት ከስፒከሩ ካነሰ ስፒከሩ አይቃጠልም» የሚል ምክር ታትሞ አነበብን። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ከዳንግላ እንጅባራ የሚመላለሰውን የሚኒባስ ሾፌር ግን ለኪሳራ ይዳርጋል።

አንደኛ፣ ደካማ አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ሲከፈት የድምፁን ሞገድ ይቆርጠዋል። ባለ 50 ዋቱ ያኔ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትቃጠለውም ትንሿ ትዊተር ናት።

ሁለተኛ፣ ካርቶን ዋት አያመነጭም! «1000 ዋት» ተብሎ ቢጻፍበትም፣ በ14.4 ቮልት የሚሠራ ተራ የመኪና ቴፕ ለባለ 4 ኦም ስፒከር የሚሰጠው ያልተዛባ ጉልበት ከ26 ዋት አያልፍም።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊው ኦሙን ጭራሽ ረስተውታል። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች በፓራለል ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ለዚያ ያልተሠራ አምፕሊፋየር ይግላል።

ስለዚህ ሾፌሮች፣ የአምፕሊፋየሩንና የስፒከሩን አር.ኤም.ኤስ (ቀጣይነት ያለውን ዋት) እና ኦም አመሳስሉ፤ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ቀንሱ።