ገጀራ ሲገዛ ዋጋው ብቻ አይታይ

መርካቶ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ገጀራ ለሚገዛ አርሶ አደር በአንድ በኩል የሚያብረቀርቅ የውጭ ምርት፣ በሌላ በኩል ምናለሽ ተራ የተቀጠቀጠ ጥቁር ብረት ይቀርብለታል። የውጭው ዋጋው ውድ ነው። ያወጣል? ለአብዛኛው አርሶ አደር አያወጣም። ዝገት መቋቋሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሥራ በኋላ ዘይት በነካ ጨርቅ የተወለወለ የአገር ውስጥ ገጀራም በቀላሉ አይዝግም።

የአገር ውስጡም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ከመኪና ባሌስትራ ተሠርቶ በአግባቡ ግሎ የቀዘቀዘው ስለቱ ይቆያል፤ ከግንባታ ፌሮ የተቀጠቀጠው ግን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ቶሎ ይዶለዱማል። ገዥው በሞረድ ይሞክረው። በቀላሉ ከተፋቀ ለስላሳ ነው፤ ሞረዱ ጨርሶ ከተንሸራተተበት ደግሞ ድንጋይ ሲያገኘው ሊሸረፍ ይችላል። ከሁሉም በላይ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ መዝለቅ አለበት፤ በሥራ መሐል ወልቆ የሚወረወር ስለት አጠገብ ያለውን ሰው ያቆስላል።

ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በጅምላ ሲገዙ በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ብቻ መምረጣቸው አርሶ አደሩን ደጋግሞ ያስገዛዋል። የብረቱ ዓይነትና የእጀታው አሠራር በጨረታ ሰነዱ ይጻፍ፤ ናሙናውም ከርክክብ በፊት እንጨት ላይ ይሞከር።