«ፈርማለች፤ አለቀ!» ማለት ፍርድ አይደለም

አባት ይሞታል፤ ሶደቃ ይወጣል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ወረቀት ይጻፋል። ባል አግብታ ከሌላ ቀበሌ የመጣችው እህት ጣቷን ከቀለም ነክራ ከወረቀቱ ግርጌ ታትማለች። ስንት ከብት እንዳለ፣ ሱቁ ምን ያህል ዕቃ እንደያዘ፣ ማን የአባቷ ባለ ዕዳ እንደሆነ የነገራት የለም። ከዓመት በኋላ «የእኔ ድርሻስ?» ብላ ስትጠይቅ ከወንድሞቿ የምታገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ፈርማለች፤ አለቀ!»

ይህ መልስ በእስቴም፣ በሲማዳም፣ በጋይንትም እንደ ሕግ ሲነገር ይሰማል። ነገር ግን ሕግ አይደለም። የአገሪቱም ሕግ ሆነ ሸሪዓ አንድን ውል የሚያጸኑት ፊርማ ስላለበት ብቻ አይደለም። ሁለቱም ከፊርማው በስተጀርባ ያለውን ነገር፣ ማለትም ፈቃድን ይመረምራሉ።

በቅድሚያ የአገሪቱን ሕግ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 እንደ ደነገገው በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። ወንድሞች የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ይሁን እንጂ «በሚገባ የተቋቋመ» የሚለውን ይዘሉታል። ያው ሕግ በቁጥር 1678 ውል የሚጸናው ችሎታ ባላቸው ሰዎች መካከል ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ሲኖር፣ የተዋዋሉበት ጉዳይም የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ሲሆን ነው ይላል። በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በመገደድ የተሰጠ ፈቃድ ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል። አባት በሕይወት እያለ «ወደፊት ከውርሱ አልጠይቅም» ተብሎ የሚፈረመው ወረቀት ደግሞ ገና ከጅምሩ ዋጋ የለውም፤ ባልሞተ ሰው ውርስ ላይ ውል አይደረግምና!

ወደ ሃይማኖታችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ኸንሳእ ቢንት ኺዳም የተባለችውን ሰሓቢያ አባቷ ሳትፈቅድ ዳራት። ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ባለች ጊዜ ኒካሑን አፈረሱላት። አባት ነው፣ ቤተሰብ ተስማምቷል፣ ነገሩ ተፈጽሟል አልተባለም። በሪራን ነጻ ለማውጣት በተደረገው ሽያጭም ሻጮቹ ከአላህ ሕግ ጋር የማይሄድ ቅድመ ሁኔታ ባስገቡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቅድመ ሁኔታውን ጥለው ሽያጩን አጸኑት። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ፈቃድ የሌለበት ውል ይፈርሳል፤ ውሉ ደኅና ሆኖ የገባበት ቃል ብልሹ ከሆነ ደግሞ ብልሹው ተነቅሎ ደኅናው ይቀራል።

አንዳንዶች ግን «ዝም ማለቷ መስማማቷ ነው» ይላሉ። ለዚህም የሚያቀርቡት ማስረጃ ለኒካሕ የተጠየቀች ልጃገረድ ዝምታዋ እንደ ፈቃድ መቆጠሩን ነው። ይህ ግን በሐያእ ምክንያት ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ልዩ ብይን ነው። ለዚያውም ቢሆን አስቀድማ ተጠይቃ ነው። ለንብረት የፉቀሃኦቹ መርሕ ዝም ላለ ሰው ቃል አይሰጠውም የሚል ነው። አምስት ሽማግሌ፣ ሦስት ወንድምና አንድ አጎት ከብበዋት አንገቷን የደፋች ሴት ምን አለች? ምንም አላለችም!

ደንብና ልማድስ? «በእኛ አገር ሴት አትወርስም፤ የቆየ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የቆየ መሆኑ ያጸናዋልን? የዚህ አገር ሙስሊም ለዚህ ጥያቄ ከማንም በላይ መልስ ሊኖረው ይገባል። በቀድሞው ዘመን በጎንደር ደጋ ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት ተገልሎ በንግድና በሽመና ይኖር እንደነበረ አያቶቻችን ያውቁታል። ያም «የቆየ» ነበር! የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያለ ጾታ ልዩነት ማንኛውም ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው መሬት እንዲያገኝ ሲደነግግ የቆየው ወደቀ። ያን ጊዜ «ልማዱ ይከበር» ያለ ሙስሊም ነበርን? ታዲያ ልማድ እኛን ሲጎዳ ግፍ፣ እህታችንን ሲጎዳ ባህል እንዴት ይሆናል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረን ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራርና የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም ብሏል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ሦስተኛው መከራከሪያ «ቀድሞ ተወስኗል» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ፍርድ በየዓመቱ የሚገለበጥ ከሆነ ሕዝብ ዕረፍት አያገኝም። ኡመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በአንድ የውርስ ጉዳይ በእናትም በአባትም የሚገናኙ ወንድሞችን ያለ ድርሻ አስቀሩ። በኋላ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲቀርብላቸው ከእናት ወንድሞች ጋር አካፈሏቸው። ስለ ልዩነቱ ሲጠየቁም የፊተኛው እንደ ተፈረደ፣ የኋለኛውም እንደ ተፈረደ እንዲቆይ አደረጉ። የእኛም ፍርድ ቤቶች በዚህ ይመሳሰላሉ። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ሆኖም ችሎቱ ራሱ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል።

እንግዲህ የኡመር ፍርድ ለወንድሞች ይረዳልን? አይረዳም። ኡመር ያጸኑት ባለጉዳይ ተሰምቶ፣ ዳኛ መርምሮ የሰጠውን ፍርድ እንጂ በማታለል የተገኘ ወረቀትን አይደለም። በአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የተፈረደበትን ጉዳይ እንደገና መክሰስን በቁጥር 5 ሲከለክል፣ ወዲያው በቁጥር 6 ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰት ምስክር ወይም በጉቦ የተገኘ መሆኑ ሲታወቅ እንደገና የሚታይበትን በር ከፍቷል። ሳትጠራ የተፈረደባት እህትም ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በቁጥር 358 መሠረት መቃወሚያ ማቅረብ ትችላለች። ሕጉ ለፍርድ ክብር ይሰጣል፤ ለተንኮል ግን መደበቂያ አይሰጥም።

በዚህ አጋጣሚ በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለ ሰጠው ውሳኔ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በአንድ የውርስ ክርክር ተከሳሽ ወገን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንደማይፈቅድ ገልጾ ነበር። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አየው፤ በይግባኝም በሰበርም ጸና። በመጨረሻ ምክር ቤቱ የሃይማኖት ፍርድ ቤት የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ እንደሆነ የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 34 ጠቅሶ ውሳኔዎቹን ሻራቸው። ይህንን ሸሪዓን እንደ መንካት የሚቆጥሩ ወንድሞች አሉ። እኛ ግን እንጠይቃቸው፤ ተገድዶ የቆመ ባለጉዳይ ለሸሪዓ ምን ክብር ይጨምርለታል? የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ራሱ ግልጽ ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲዛወር ያዝዛል። የሚያሳዝነው ግን ይኸው አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደ ፈቀደ መቁጠሩ ነው። መንገድ ርቋት፣ ማንበብ ሳትችል፣ መጥሪያውን ወንድሟ ተቀብሎላት የቀረች ሴት በምን ፈቀደች?

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው። ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ሄዶ እህት እኩል ልትካፈል ስትል «እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ሸሪዓ ለሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ነው የሰጠው» ብሎ የሚቆጣው ሰው፣ በቤቱ ውስጥ ያንኑ ግማሽ እንኳ አይሰጣትም! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ የሴቲቱን ድርሻ በቁጥር ወስኗል። እርሱ የወሰነውን ወደ ባዶ ያወረደ ሰው በሸሪዓ ስም የመናገር ምን አፍ አለው?

እህት ለወንድሟ መስጠት አትችልም ማለታችን አይደለም። ስጦታም እርቅም የተፈቀዱ ናቸው። ነገር ግን ሰው የሚሰጠው ያገኘውን፣ የሚያውቀውን ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ዕዳና ኑዛዜ ይለይ፤ ቤቱ፣ ከብቱ፣ የሱቁ ዕቃና ጥሬ ገንዘቡ በምስክር ፊት ይቆጠር፤ የገጠር መሬት ይዞታ በክልሉ የመሬት ሕግ ስለሚመራ ለብቻው ይታይ፤ ለእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻው ተነግሮ በእጁ ይግባ። ከዚያ በኋላ ልትሰጥ የወደደች ትስጥ። ሽማግሌዎችም ለብቻዋ አነጋግረው ወረቀቱን በምትሰማው ቋንቋ ያንብቡላት። የእርቅ ስምምነትን ሕጉ በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚያየው ጥንቃቄው ከመፈረም በፊት ይሁን።

የተታለለች ወይም የተገደደች እህትም ትወቅ። ውሉ በራሱ አይፈርስም፤ እንዲፈርስ የምትጠይቀው እርሷ ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጊዜ ወስኗል፤ ተንኮሉ ከታወቀ ወይም ማስገደዱ ከተወገደ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥያቄዋን ለፍርድ ቤት ማቅረብ አለባት። ወንድሞች «ቆይ፣ በኋላ እንነጋገራለን» የሚሉት አንዳንድ ጊዜ ይህ ጊዜ እንዲያልፍ ነውና!

ወንድሞች ሆይ! ጊዜው ቢያልፍ፣ ምስክሩ ቢሞት፣ ወረቀቱ ቢጸና እንኳ የእህታችሁ ሐቅ በእጃችሁ እንዳለ ነው። በዚህ ዓለም ችሎት ረትቶ የወጣ ሁሉ ነገ ከአላህ ዘንድ አይረታም። እዚያ የሚጠየቀው «ፈረመች ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ወድዳ ነውን?» ተብሎ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ለባለሐቁ ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን!