መንገዱን ዘግቶ «ማንም አላለፈም» ማለት

ዛሬ ከተለመደው ርዕሳችን ወጣ ብለን ስለ ሴቶች የብስክሌት ውድድር እንጽፋለን። «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው ታገሱን። ነገሩ ሐቅን ይነካል፤ ሐቅ ደግሞ የሩቅና የቅርብ የለውም።

በጣሊያን ሚላን–ሳንሬሞ የሚባል የአንድ ቀን ውድድር አለ። ወንዶች እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ይጋልቡበታል። ርቀቱ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ በስተመጨረሻ የሊጉሪያን ባሕር ዳርቻ ይይዛል፤ በግራ ባሕሩ፣ በቀኝ ተራራው። ከዚያ ቺፕሬሳ እና ፖጂዮ የተባሉ ዳገቶች ይመጣሉ። ፖጂዮ 3.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም ለሰዓታት የጋለበ እግር ሲደርስበት ጉልበት ያለውንና የሌለውን ይለያል። ከጫፉ እስከ ሳንሬሞዋ ቪያ ሮማ ጎዳና የሚቀረው ከ6 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው።

በዚሁ ዳርቻ በ1999 የሴቶች ውድድር ተጀመረ። «ፕሪማቬራ ሮዛ» አሉት። ሰባት ጊዜ ተካሄደና ከ2005 በኋላ ቆመ። ሰበቡ ምንም ይባል ምን፣ ወንዶቹ በዚያው መንገድ በየዓመቱ ሲቀጥሉ የተረሱት ሴቶቹ ብቻ ናቸው። የተመለሰው ማርች 22 ቀን 2025 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ!

ሃያ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ በአንዲት ሴት ሕይወት እንለካው። ሆላንዳዊቷ ማሪያን ፎስ በ2006፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ውድድሩ ከቆመ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደግማ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ2012 ለንደን ላይም የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። የሳንሬሞ መንገድ ሲከፈትላት 37 ዓመቷ ነበር። በዚያም ዕድሜ ሁለተኛ ወጣች! አሸናፊዋ የአገሯ ልጅ ሎሬና ዊብስ በ1999፣ የመጀመሪያው የሴቶች ውድድር በተካሄደበት ዓመት የተወለደች ናት። ፎስ በ25 እና በ30 ዓመቷ በዚያ ጎዳና ምን ታደርግ ነበር? መልሱን ማንም አይነግረንም። የተወሰደባት እሱ ነው፤ የሚመልስላትም የለም።

አሁን ወደ ተከራካሪዎቻችን እንምጣ። «የሴቶች ውድድር ተመልካች የለውም፤ ገበያው ነው የወሰነው» ይላሉ። እኛ ደግሞ እንጠይቃቸዋለን፦ ያልተካሄደ ውድድር በምን ዓይን ይታያል? ማሳውን ሳያርስ፣ ዘሩን ሳይዘራ፣ «ይህ መሬት አያበቅልም» የሚል ገበሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መንገድ ዘግቶ «ማንም አላለፈም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። በራሱ ላይ የቆመ ዙልም ነው።

«ወንዶቹ 289 ሲጋልቡ እነሱ 156 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የጋለቡት፤ ግማሽ ውድድር ነው» የሚሉም አሉ። ርቀቱን የመረጡት ጋላቢዎቹ ናቸው እንዴ? በትልቁ የሴቶች ውድድር ደረጃ የአንድ ቀን ርቀት ከ160 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ የወሰነው የዓለም ብስክሌት ማኅበር ደንብ ነው። ገመዱን አሳጥሮ «ለምን አልደረስሽም?» ማለት ኢንሷፍ አይደለም። ደግሞም ውድድሩ የሚፈርድባቸው ስፍራዎች አንድ ናቸው፦ ያው ቺፕሬሳ፣ ያው ፖጂዮ፣ ያው ቪያ ሮማ። በ2025 ጣሊያናዊቷ ኤሊዛ ሎንጎ ቦርጊኒ በመጨረሻ ብቻዋን አምልጣ፣ መስመሩ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ነው የተያዘችው። ያን ያየ ሰው «ግማሽ» የሚለውን ቃል ከየት ያመጣዋል?

ይህን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። ከ1984 በፊት ሴቶች በኦሎምፒክ የሚሮጡት ረጅሙ ርቀት 1,500 ሜትር ነበር። «ከዚያ በላይ አይችሉም» ይባል ነበር። የሴቶች 10,000 ሜትር በ1988 ተፈቀደ፤ በ1992 ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ወርቁን ወሰደች። ማራቶኑ በ1984 ተከፈተ፤ በ1996 ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ አሸነፈች። ጉልበቱ ድሮም ነበር፤ የጠፋው መንገዱ ነው። ከእነሱ በፊት በየገጠሩ ሮጠው፣ ውድድር ሳይፈቀድላቸው ያረጁ እህቶች ስንት ይሆኑ?

ከእኛው ወገን «ስለ አለባበሱስ ምን ትላላችሁ?» የሚለን ይኖራል። በዚያ ላይ ያለን አቋም የታወቀ ነው፤ ራሱን የቻለ ርዕስም ነው። ነገር ግን የሌላው አኗኗር ከእኛ ስለተለየ ሐቁ ሲወሰድ ዝም በሉ ያለን የለም። ፍትሕን ለሚመስለን ብቻ የምንመዝን ከሆነ ሚዛናችን ቀድሞውኑ ተሰብሯል።

የውድድሩን አዘጋጆች ስለመለሱት እናመሰግናለን። «ሰጠናቸው» ሲሉ ግን አንቀበልም። የተበደረ ሰው ብድሩን ሲመልስ ስጦታ ሰጠ አይባልም። የሚቀረው አማና አንድ ነው፦ ነገ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታጠፈው የሴቶቹ ውድድር እንዳይሆን። አንድ ጊዜ ተዘግቶ ስንት ዕድሜ እንደበላ አይተናል።