መኪናዋን ማን አቆሰላት?

«የአጎቴን መኪና ለሠርግ ላሳምር ብዬ በደረቅ ጨርቅ ፈተግኳት። ፀሐይ ሲያርፍባት ጭረቱ የሸረሪት ድር መሰለ። ምን ይሻለኛል?» ይላል ከይጁቤ የጻፈልኝ ወጣት።

አይ ወንድሜ! የኔንም ጉድ ቀሰቀስክብኝ። እኔም የሰው መኪና እንዲሁ አበላሽቼ አውቃለሁ። ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው አቧራ ነው የጫራት።

አሁን ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አሳልፈው። ጥፍርህ ከተያዘ ጉዳዩ የቀለም ቀቢ ነው። ካልተያዘ በእጅ ፖሊሽ ይደበዝዝልሃል። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አቧራውን አውርድ። ኦሞ የሚሉት ነገር ይቅር፣ የነበረውን ሰም ይገፈዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ኮፈኑ ሲቀዘቅዝ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዝክ እሸው። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነውና እጅህን አለዝብ። ፖሊሽ የሚያበራው ቀለሙን በጥቂቱ እየላገ ነው፤ በየሳምንቱ ልሥራው ካልክ ታራቁታታለህ።

ሰም ሌላ ነው። ጭረት አያጠፋም፤ ከፀሐይና ከዝናብ ይከልላል እንጂ። በስሱ ቀብተህ ሲደርቅ በሌላ ጨርቅ ወልውል። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ እንዳትመልሰው፣ አደራ!

አጎትህን ግን ከሠርጉ በፊት ንገራቸው። እኔ የደበቅኩትን ባለቤቱ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ፊት ነው ያየው።