ጀግንነትና ጥንቃቄ፤ ስለ ጥንቱ የስፕሪንት መኪና እሽቅድድም



ሰው ያለፈውን ዘመን በፎቶግራፍ ሲመለከት አብዛኛውን ጊዜ ውበቱን ያያል እንጂ የተከፈለበትን ዋጋ አያይም። ለዚህ ምስክር ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ በአሜሪካ አገር ስፕሪንት ካር እየተባለ የሚጠራው የእሽቅድድም መኪና ታሪክ ነው። የመኪና ፍቅር ያደረባቸው ጓደኞቻችን የእነዚህን መኪናዎች የድሮ ፎቶግራፍ በስልክ እየተቀባበሉ ሲመለከቱ፣ «ወንድ የነበረው ያኔ ነው፤ የዛሬዎቹ በብረት ታጥረው ነው የሚነዱት» ሲሉ ይሰማል። እኔ ግን ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን፣ ጉዳቱም ከእሽቅድድሙ ሜዳ አልፎ ወደ ራሳችን ኑሮ የሚደርስ መሆኑን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ስፕሪንት ካር ምን ዓይነት መኪና እንደ ሆነ ለማያውቁት በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ይህ መኪና ጎማዎቹ ያለ ፓራፋንጎ በግልጽ የሚታዩ፣ ሞተሩ ከፊት የተቀመጠና አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ መኪና ነው። ሞተሪኖ ስለሌለው በሌላ መኪና እየተገፋ ይነሣል። የሚሮጠውም በረዥም ጎዳና ላይ ሳይሆን በእንቁላል ቅርጽ በተሠራ ሜዳ ዙሪያ ነው። ሜዳው ብዙውን ጊዜ የዐፈር ሲሆን የአንዱ ዙር ርዝመት በብዙ ቦታ ግማሽ ማይል፣ ይኸውም 800 ሜትር ያህል ነው። ከእነዚህ ሜዳዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ በየአውራጃው ገበሬዎች ምርታቸውንና ከብቶቻቸውን ለሕዝብ በሚያሳዩበት ስፍራ ለፈረስ እሽቅድድም የተሠሩ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ከሁሉ ይበልጥ የተመረጠው ሞተር ኦፈንሃውዘር የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። ሸቭሮሌ የተባለው ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም. ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን ካወጣ በኋላ ግን በዋጋው ርካሽነት እየተወደደ ሄዶ ቦታውን ወሰደበት። ነዳጁም ሜታኖል የሚባለው የአልኮል ዓይነት ነው። ይህ ነዳጅ እሳት ሲይዘው ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ለማለት ይቻላል።

ፎቶግራፎቹ የሚያምሩ መሆናቸውን ማንም አይክድም። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች ስፒድ ግራፊክ በሚባለው ትልቅ የጋዜጠኛ ካሜራ ይሠሩ ነበር። በዚህ ካሜራ ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ፊልም ስለሚያልቅ፣ አንሺው ከመታጠፊያው አጠገብ ቆሞ ትክክለኛዋን ቅጽበት በትዕግሥት መጠበቅ ነበረበት። በእንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ላይ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ የፊት ጎማዎቹ ወደ ቀኝ ዞረው፣ የኋላው ተንሸራቶ፣ ዐፈሩም እንደ ማዕበል ተነሥቶ ይታያል። ነጂው ከደረቱ በላይ ከመኪናው ውጭ ነው። ከመሪው ጋር የሚታገሉት ክንዶቹና በመነጽር የተሸፈኑት ዐይኖቹ ሁሉ ይታያሉ። ከእሽቅድድሙ በኋላ በተነሡት ሥዕሎች ደግሞ ፊቱ በአቧራ ጠቁሮ መነጽሩ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ እናያለን። ይህን አይቶ የማይደነቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ውበቱ ከምን እንደ መጣ እንመርምር። የነጂውን ክንድና ፊት ለማየት የቻልነው የሚከልለው ነገር ስላልነበረ ነው። መኪናው በተገለበጠ ጊዜ ያን ክንድና ያን ራስ ከመሬት የሚያድን አንዳች ነገር አልነበረም። እንግዲህ ፎቶግራፉን ያሳመረው ነገርና ሰውየውን የገደለው ነገር አንድ ነው ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ስፕሪንት መኪና የታላላቅ ነጂዎች ትምህርት ቤት ነበር። ኤ. ጄ. ፎይት፣ ፓርኔሊ ጆንስና ማሪዮ አንድሬቲ በዓለም ከመታወቃቸው በፊት በዚህ ተፈትነው ያለፉ ናቸው። በፔንሲልቫኒያ ግዛት ቶሚ ሂነርሺትዝ የሚባለው ነጂ የምሥራቁን ክፍል የስፕሪንት ሻምፒዮንነት ሰባት ጊዜ አግኝቷል። ከዚያም በ1960 ዓ.ም. ውድድሩን ትቶ እስከ 1999 ዓ.ም. በሕይወት ኖረ። በእርጅናው ስለ ወጣትነቱ ለመናገር በመቻሉ ዕድለኛ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕድሉ ለሁሉም አልደረሰም። ቦብ ስዊከርት በ1955 ዓ.ም. የኢንዲያናፖሊስን የ500 ማይል እሽቅድድም አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት የአገሩን የእሽቅድድም ሻምፒዮንነትና የመካከለኛውን ምዕራብ የስፕሪንት ሻምፒዮንነት ደርቦ ወሰደ። ከዚህ የበለጠ ክብር ለአንድ ነጂ በአንድ ዓመት አይገኝም። በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ግን በኢንዲያና ግዛት በሴለም ሜዳ ስፕሪንት መኪና ሲነዳ በደረሰበት አደጋ ሞተ፤ ዕድሜውም 30 ዓመት ነበር። ጆኒ ቶምሰን በ1960 ዓ.ም. በአለንታውን ሜዳ እንዲሁ ሞተ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በሰኔ ወር ጀድ ላርሰንና ሬድ ሪግል በሬዲንግ ሜዳ በአንድ አደጋ፣ በኅዳር ወር ዶን ብራንሰንና ዲክ አትኪንስ በካሊፎርኒያ በአስኮት ሜዳ በሌላ አንድ አደጋ ሞቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ቀን አራት ሰዎች ሄዱ። ከእነዚህም ብራንሰን የ1964ቱ የስፕሪንት ሻምፒዮን የነበረ የ46 ዓመት ሰው ነው። ልምድና ችሎታ ብቻቸውን ሰውን እንደማያድኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

የሁለቱን የአንድሬቲ ወንድማማቾች ነገርም መመልከት ይጠቅማል። ማሪዮና አልዶ መንትያ ናቸው። በ1955 ዓ.ም. ከወላጆቻቸው ጋር ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ ተሰደው፣ በ1959 ዓ.ም. አሮጌ ሃድሰን መኪና አድሰው በመንደራቸው በናዝሬት የዐፈር ሜዳ ላይ በተራ መነዳት ጀመሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም.፣ ማሪዮ ኢንዲያናፖሊስ ላይ አሸነፈ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አልዶ በአይዋ ግዛት በዴሞይን ሜዳ ስፕሪንት መኪና ሲነዳ አደጋ ደረሰበትና የፊቱ አጥንቶች ብዙ ቦታ ተሰበሩ። ከዚያም ወዲያ ተመልሶ አልተወዳደረም። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ ባንድ መኪና የተማሩ፣ ልባቸውም እኩል የደፈረ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ዕጣቸውን የለየው የድፍረት ማነስ ነው ብሎ የሚናገር ይኖራል?

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ መድኃኒቱ አልታወቀም ነበር ወይ የሚለው ነው። ታውቆ ነበር። ኢንዲያናፖሊስ ላይ የራስ ቁር በ1935 ዓ.ም.፣ ከነጂው በስተኋላ የሚቆመው የብረት ቅስት ደግሞ በ1959 ዓ.ም. ግዴታ ሆነ። ቅስቱ ግን ብዙ ጊዜ ከነጂው ራስ ከፍታ የማያልፍ ስለ ነበረ መኪናው ሲገለበጥ የሚሰጠው እርዳታ ጥቂት ነበር። ነጂውን ከአራት ማዕዘን የሚጋርደው፣ ከወፍራም ቱቦ የሚበየደው የብረት ከለላ በስፕሪንት መኪናዎች ላይ በሰፊው የተለመደው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የሚገርመው ግን ከአሮጌ የቤት መኪና በየጋራዡ የሚሠሩት፣ ሞዲፋይድ የሚባሉት ርካሽ የእሽቅድድም መኪናዎች ከዚያ አስቀድመው ይህን ከለላ ይዘው ይሮጡ ነበር። የድኻው መኪና የያዘውን ነገር የባለ ዝናው መኪና ነውር አድርጎ ቆጠረው። ከለላው የመኪናውን መልክ ያበላሻል፣ የፈሪ ነገር ነው የሚል ኩራት ነበረና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል። ብረቱም፣ መበየጃውም፣ ዕውቀቱም ነበር፤ የጎደለው ፈቃድ ብቻ ነው።

የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ሳይመረምሩ ማለፍ ግን ፍርድ ማጉደል ይሆናል። አንዳንዶቹ፣ ሰው ከለላ ሲያገኝ ጥንቃቄውን ይተውና ያለ ልክ ይነዳል ይላሉ። ይህ አባባል ጥቂት እውነት አለበት፤ ከለላ ያለው መኪናም ቢሆን ይገድላል። ሪች ቮግለር የተባለው ስመ ጥር ነጂ በ1990 ዓ.ም. በዚያው በሴለም ሜዳ በስፕሪንት መኪና ሞቷል። ነገር ግን ጣራ አንዳንድ ጊዜ ያፈስሳል ተብሎ ቤት ያለ ጣራ አይሠራም።

ሌሎች ደግሞ፣ ከለላው ከመጣ ወዲህ የነጂው ጥበብ ጠፍቷል ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነው የስቲቭ ኪንዘር ታሪክ ነው። ይህ ሰው ዎርልድ ኦፍ አውትሎውስ በተባለው የስፕሪንት ውድድር የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት በ1978 ዓ.ም.፣ ሃያኛውን በ2005 ዓ.ም. አገኘ። በሁለቱ መካከል 27 ዓመት አለ። ስዊከርት ታላቅ ነጂ መሆኑን ሁላችን እናምናለን፤ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሰጠው ምን ይሠራ እንደ ነበር ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጥበብ የምትገለጠው ባለቤቷ በሕይወት ሲኖር ነው። ከለላው ጥበብን ገደለ የሚሉት ሰዎች ከለላ ማጣት ስንት ጥበብ እንደ ቀበረ ቢቆጥሩ ይሻላል።

እንግዲህ የድሮዎቹ መኪናዎችና ፎቶግራፎች ይጣሉ ማለቴ አይደለም። በአይዋ ግዛት በኖክስቪል ከተማ ከታወቀው የዐፈር ሜዳ አጠገብ በ1992 ዓ.ም. የተከፈተ የስፕሪንት መኪና ሙዚየም አለ። የጥንቶቹ መኪናዎች በዚያ ተጠብቀው ይኖራሉ። በልዩ ልዩ ቦታም ሽማግሌዎችና ወጣቶች አሮጌዎቹን መኪናዎች እንደ ቀድሞው አድሰው፣ ለውድድር ሳይሆን ለትርኢት በሜዳ ላይ ያዞሯቸዋል። ይህ መልካም ሥራ ነው። የመካኒኮቹን እጅ ሥራ፣ የቀለሙን አቀባብ፣ የቁጥሩን አጻጻፍ ለሚመጣው ትውልድ ያቆያል።

እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ፎቶግራፉ ለሕዝብ ሲታይ በሥሩ የነጂው ስም፣ የሜዳው ስም፣ ቀኑና ነጂው ኋላ የደረሰበት ነገር ይጻፍ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስሙና ፍጻሜው የተጻፈበት ግን ትምህርት ይሆናል። ሳቅ ብሎ ከመኪናው አጠገብ የቆመ ወጣት ሥዕል ሥር «ከሁለት ወር በኋላ ሞተ» የሚል ቃል ያነበበ ተማሪ፣ ያ ዘመን እንዲመለስ የሚመኝ አይመስለኝም። ሁለተኛው፣ አሮጌውን መኪና አድሰው የሚነዱ ሰዎች ለመልኩ ትክክለኛነት ሲሉ የሰውን ሕይወት ለአደጋ አያጋልጡ። መኪናው እንደ ጥንቱ መቆም ካለበት በሙዚየም ይቁም፤ መሮጥ ካለበት ግን ነጂውን የሚያድነው ነገር ይጨመርለት። መልኩ ጥቂት ቢለወጥ ታሪኩ አይጠፋም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገ ጧት ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሞ መንገዱን ይመልከት። ሞተር ብስክሌት ሲነዳ የራስ ቁሩን ከራሱ አውልቆ በክንዱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ያያል። በመኪና ውስጥ ቀበቶ ማሰርን እንደ ሐፍረት የሚቆጥር ሰውም ያያል። የእነዚህ ሰዎች ሐሳብና የብረቱን ከለላ የፈሪ ነገር ነው ይሉ የነበሩት ሰዎች ሐሳብ አንድ ነው። በዚያ አገር ሐሳቡ እስኪለወጥ ድረስ ብዙ ሰው አልቋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ከቀብር በኋላ የሚወጣ ደንብ ለሟቹ አይጠቅመውም።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ተጠንቀቁ ሲሉን፣ ፍሩ ማለታቸው አይደለም። ሂነርሺትዝም፣ ስዊከርትም፣ ብራንሰንም ጀግኖች ነበሩ፤ ክብራቸው በሥራቸው ይኑር። የምናከብራቸው ግን በችሎታቸው፣ በትጋታቸውና በትዕግሥታቸው እንጂ ከለላ በማጣታቸው መሆን የለበትም። የዚያን ዘመን ነጂ ፎቶግራፍ በምናይበት ጊዜ ሰውየውን እናድንቅ፤ የጎደለውንም ብረት አብረን እንይ።