ዘርም ከርነልም ሲመረጥ

የአርሲ ገበሬ የስንዴ ዘር ሲመርጥ «ዋግ ይችላልን?» ብሎ ይጠይቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ከኩሉምሳ የምርምር ማዕከል የወጣው «ዲገሉ» ቢጫ ዋግን ቢችልም፣ በ2013 በግንድ ዋግ ተመትቷልና።

የኮምፒዩተርን ሥራ ሁሉ የሚያስተዳድረው ከርነልም እንደዚሁ ነው። ሊኑክስ የተባለው ከርነል በየዘጠኝና በየዐሥር ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣለታል፤ አንዳንዱ እትም ለዓመታት ሲጠገን፣ ሌላው ተከታዩ ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይተዋል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ይህን አይናገርም። ጥገናው የቆመ እትም በመሥሪያ ቤት ሲቀመጥ፣ የሕዝብ መዝገብ ለሌባ ተጋለጠ ማለት ነው።

ስለዚህ አዘጋጆቹ ከእትሙ ቁጥር አጠገብ እስከ መቼ እንደሚጠገን፣ ከጥገናውም አጠገብ የትኛውን ቀዳዳ እንደሚደፍን ሁሉም በሚረዳው ቃል ሊጽፉ ይገባል። በአሰላ የሚማረው ተማሪና ወጣቱ ሹምም የእትሙን አዲስነት ሳይሆን የጥገናውን ዕድሜ አይቶ ይምረጥ፤ ጥገናውንም ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ያስገባ።