ከመዝሙሩ በፊት

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ባንዘምርለት እግዚአብሔር ይጎድልበታል?» አለኝ።

«ምንም አይጎድልበትም። የምናመልከው ስለፈጠረንና ስለወደደን ነው» አልኩት።

«ታዲያ እሱ የሚወዳትን ጎረቤታችንን ለምን አታናግሪያትም?»

መልስ አጣሁ። በእንሰት ማሳ ድንበር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆኖናል።

የወላይታ አማኞች ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1929 ዓ.ም. ጣልያን ሚስዮናውያኑን ከሶዶ ሲያስወጣ የተጠመቁት ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበሩ። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ምእመናኑ ግን ለታሰሩት ስንቅ ማቀበላቸውን አልተዉም፤ ይህ ፍቅር ብዙዎችን ሳበ። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው።

ጌታም መባ ይዞ የመጣ ሰው አስቀድሞ ከተጣላው ጋር እንዲታረቅ አስተምሯል። በነርስነት ዘመኔ ቁስል ሳላጥብ አሽጌ አላውቅም፤ ይህንን ግን በመዝሙር ሸፍኜው ኖርኩ።

ማክሰኞ ቡና አፍልቼ ልጁን ላክሁት። ጎረቤቴ መጣች። የድንበሩን ነገር ሽማግሌዎች ያዩታል፤ እኛ ግን ይቅር ተባብለን አብረን ጸለይን። ልጁ ጥግ ላይ ቆሎውን እየቆረጠመ ያየን ነበር።

እናንተስ፣ ከመጪው እሑድ በፊት ቡና የምትጠሩት ሰው የለም?